ላም ሳትንበረከክ የምትወርድበት ኩሬ

እኔ ፈሪ ሴት ነኝ። ይህን ስጽፍ አላፍርም፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ድልድይ የማልፈው ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ማኪና ሲመጣ ከመንገዱ ወርጄ ማሳ ውስጥ እቆማለሁ። ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ግን የተቆፈረ መሬት ነው። ለዚህም ምክንያት አለኝ።

የተወለድኩት ከላይ ከደጋው፣ ኮሶዬ በኩል ነው። ልጅ ሆኜ፣ ለፋሲካ ቤት ሊመረግ፣ ከታላቅ እህቴ ጋር አፈር ልናመጣ ሄድን። ለመምረጊያ የሚሆነው ቀዩ አፈር ከጉብታው ሥር ነበር። ሴቱ ሁሉ ዓመት በመጣ ቁጥር ከዚያው ስለሚቆፍር ወደ ውስጥ ተቦርቡሮ ዋሻ መስሏል። እህቴ ገባች፤ እኔ ቅርጫት ይዤ ከአፉ ላይ ቆምኩ። «ያዢ፣ ይሄ ሸጋ አፈር ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ድምጿን አልሰማሁም። ጣራው ወረደባት። እኔ ስጮህ ወንዶቹ መጥተው ሲያወጧት እጇ ላይ ያ አፈር እንደተጨበጠ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ከአንድ ጊዜ በቀር፣ ከመሬት በታች እግሬን አላስገባሁም። ውኃ እንኳ ከጉድጓድ አልቀዳም።

ካደግሁ በኋላ ወደ ደምቢያ፣ ኮላ ድባ አጠገብ ተዳርኩ። እዚህ ያለው መሬት ጥቁር ነው፤ ዋልካ ይሉታል። በክረምት እግር ይውጣል። በበጋ ግን ዶማ ሲያርፍበት እንደ ድንጋይ ይጮኻል፤ ተሰነጣጥቆም የበሬ ሰኮና እስኪገባበት አፉን ይከፍታል። ምድሩ እህል አብቃይ ነው፤ ውኃ ግን የለም። የካቲት ሲገባ ምንጩ ይደርቃል። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ እንስራ አዝለን፣ ወንዶቹ ከብቱን እየነዱ፣ እስከ ወንዙ የሩብ ቀን መንገድ እንሄድ ነበር። በበጋ መጨረሻ ከመንገዱ ላይ ወድቃ የማትነሣ ላም በየዓመቱ አትጠፋም።

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አባወራዬ ለጥምቀት ጎንደር ወጥተው፣ ከቀሐ ወንዝ ዳር ካለው የንጉሥ መዋኛ አጠገብ አድረው መጡ። ሲመለሱ ወሬያቸው ሁሉ ስለ ግንቡ ሆነ። «ግድግዳው እኮ ቀጥ ያለ ነው! ከላይ እስከ ታች እንደ ተሳለ ቢላዋ! ውኃው ከዚያ ወዴት ይሄዳል?» ይላሉ። የመንደሩን ወንዶች ሰበሰቡና «እኛስ ምነው ኩሬ አንቆፍርም? የክረምቱን ጎርፍ እናቁረው፤ ሚስቶቻችንም ከብቶቻችንም ይረፉ» አሉ። አባወራዬ በጣሊያን ጊዜ መንገድ ሲቆረጥ ዶማ ይዘው የዋሉ ሰው ስለሆኑ ሁሉም አመናቸው። እኔም በልቤ ኮራሁ። ለሰው የሚያስብ ባል ሁሉም ሴት አያገኝምና።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ተጀመረ። ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፤ ምሳና ጠላ የምታቀርበው ሴት በተራ ነው። ከእኛ ቤት ከአባወራዬ ሌላ ልጄ ወጣ። ከወለድኳቸው አምስት ልጆች የቀሩልኝ እሱና ታናሽ እህቱ ብቻ ናቸው። ጎረምሳ ሆኗል፤ ትከሻው የአባቱን አልፏል። አባቱም ሰው «ለልጁ አደላ» እንዳይላቸው ከሁሉ ከባድ የሆነውን ቦታ፣ ከግድግዳው ሥር ያለውን፣ ለእሱ ሰጡት።

በሁለተኛው ሳምንት ምሳ የማቅረብ ተራዬ ደረሰ። እንጀራውን በሞሰብ፣ ጠላውን በእንስራ አድርገን ከጎረቤቴ ጋር ሄድን። ጉድጓዱ ከአርባ እርምጃ በላይ ርዝመት አለው፤ ጥልቀቱ ሁለት ሰው አደራርቦ በቁሙ ይቀብራል። ግድግዳው እንዳሉት ቀጥ ያለ ነው፤ ዶማው የላሰው ዋልካ በፀሐይ ያብረቀርቃል። የወጣውን አፈር አፋፉ ላይ ነው የቆለሉት። ራቅ አድርጎ መውሰድ ድካም ነው፤ ደግሞም ከብት እንዳይገባ አጥር ይሆናል ብለው። ልጄ ከታች ሆኖ ቀና ብሎ ሳቀልኝ፤ ጋቢውን ግድግዳው ላይ በተከለው ችካል ሰቅሎታል።

ሞሰቡን ላስቀምጥ ስጎነበስ ከአፈሩ ክምር ኋላ ስንጥቅ አየሁ። ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

ከወንዶቹ መሐል የአባወራዬ የአጎት ልጅ፣ እኛ «አያ» ብቻ የምንለው ቀልደኛ ሽማግሌ ነበር።

«ምነው እቴ፣ ምን ወደቀብሽ?» አለኝ።

«ይቺን ስንጥቅ እያየሁ ነው፣ አያ።»

«ስንጥቅማ የእኔ ተረከዝም አለው፤ ነይ እሱንም እይልኝ!»

ሳቁ። አባወራዬም ፈገግ ብለው፣ «ይሄ መሬት በበጋ ሳይሰነጠቅ መቼ ቀርቶ ያውቃል? ይልቅ ጠላውን ቅጂ» አሉኝ። ቀዳሁ። ዓይኔ ግን ከስንጥቋ አልተነሣም። የበጋ ስንጥቅ እንደ መረብ ነው፤ ወዲህም ወዲያም ይሄዳል። ይቺ ግን አንድ ብቻዋን ሆና፣ አፋፉን ተከትላ፣ ከጫፉ ሁለት እርምጃ ያህል ገባ ብላ እንደ ማጭድ ትታጠፋለች። ሁለቱም ጫፏ ወደ ጉድጓዱ ያያል።

እኔ ስለ ኩሬ የማውቀው ነገር የለም። ስለ ጎታ ግን አውቃለሁ። ጎታ እህል የምናኖርበት የጭቃ ዕቃ ነው፤ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ የሚሠራውም በሴት እጅ ነው። ጭቃውን በጭድ አቡክተን፣ አንድ ክንድ ከፍ እናደርግና ትተነው ይደርቃል፤ ከዚያ ሌላ ክንድ እንጨምራለን። ችኩል ሴት በእርጥቡ ላይ ከጨመረች የሥረኛው ሆዱ ይወጣል፤ ከዚያ ጎታው ቁጭ ይላል። ስንጥቅ ካወጣ ደግሞ በስንጥቁ ላይ እበት እንቀባለን። እበቱ ደህና ካደረ ስንጥቁ የድርቀት ብቻ ነው። እበቱ ከመሐሉ ከተተረተረ ግን ግድግዳው እየሄደ ነው፤ በዚያ ጎታ እህል አይጨመርም። ይህን አማቴ ናቸው ያስተማሩኝ። በእኔ እጅ የተሠራ ጎታ እስከ ዛሬ አልፈረሰም፤ ይህን ስል አልዋሽም።

በማግስቱ ማልጄ፣ ወንዶቹ ሳይመጡ፣ እበት በቅል ይዤ ሄድኩ። በስንጥቋ ላይ ሦስት ቦታ፣ መዳፌን ያህል ያህል፣ ቀባሁና ተመለስኩ። ምሳ ሰዓት ላይ የእኔ ተራ ሳይሆን ሰበብ ፈጥሬ ሄድኩ። እበቱ ደርቋል፤ ደህና ነው። ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ግን የመሐለኛው ተተርትሮ አገኘሁት። ጥፍሬ ይገባበታል።

አባወራዬን ጠርቼ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አዩት። እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ አያ ከኋላ ደረሰ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«እበት ነው» አሉት አባወራዬ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

«ኧረ ጉድ! መሬት ቆሰለች ብላ መድኃኒት ቀባችላት! እናንተ፣ ኑ እዩ! መሬቷን እያከመች ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዩኝ ቁጥር «መድኃኒቱ እንዴት አደረ?» ይሉኝ ጀመር። ሴቶቹም ወንዙ ላይ ቀለዱብኝ። አባወራዬ ግን አልሳቁም፤ ተቆጡ። ቤት ገብተን፣ «በሰው ፊት እንደ ልጅ አደረግሽኝ። የቀሐው ግድግዳ ያን ሁሉ ዘመን ቀጥ ብሎ ቆሞ የለም?» አሉኝ።

«የቀሐው በድንጋይና በኖራ ነው። የእኛ ጭቃ ነው፤ ዛሬ ስለደረቀ ነው ድንጋይ የመሰለው። ዝናብ ሲነካው ምን ይሆናል?»

«ዝናብ ሳይመጣ እንጨርሳለን።»

«ካልጨረሳችሁስ?»

ጀርባቸውን ሰጡኝ። ልጄም ያባቱን ፊት አይቶ ወጣ። በኋላ ደጅ አግኝቶኝ፣ «እማዬ፣ አትፍሪ። እኔ እሮጣለሁ» አለኝ። እህቴም ፈጣን ሯጭ ነበረች፤ አልነገርኩትም።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከቀትር ወዲያ፣ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ወንዶቹ እየሮጡ ቤታቸው ገቡ። ዝናቡ ብዙም አልቆየ፤ የኔ ልብ ግን እስኪነጋ አላረፈም። ጠዋት ሄድኩ። ያ ዋልካ እንደ ለጋ ሊጥ ለስልሷል። ስንጥቋ ውኃ ጠጥታለች፤ ሦስቱም እበት ለሁለት ተከፍሏል፤ አሁን የሚገባው ጥፍሬ ሳይሆን ሦስት ጣቴ ነው። ወደ ታች ሳይ፣ የግድግዳው ሥር እንደ እርጉዝ ሆድ ወደ ፊት ገፍቷል። ከዚያ ሆድ አጠገብ ልጄ ጎንበስ ብሎ ውኃ በቅል ይቀዳል። ሌሎቹም እየቀዱ፣ እየቆፈሩ፣ እየዘፈኑ ነው።

«ውጡ!» አልኩ። «ሆዱ ወጥቷል! በእመቤታችን ውጡ!»

«መድኃኒቱ እንዴት አደረ?» አለ አንዱ ከታች።

አባወራዬ ቀና ብለው፣ «አንቺ ሴት፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ!» አሉ። በሰው ፊት እንዲህ ተናግረውኝ አያውቁም።

ያን ጊዜ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩና ለመውጫ በቆፈሩት ደረጃ ወረድኩ። ከመሬት በታች ስገባ ያ የእህቴ አፈር ሽታ መጣብኝ፤ ያው ነው፣ ቀይም ይሁን ጥቁር። ከልጄ አጠገብ ሄጄ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ዘፈኑ ቆመ። ሴት በተቀመጠችበት ጉድጓድ ዶማ የሚያነሣ ወንድ የለም።

«ተነሽ» አሉ አባወራዬ።

«አልነሣም።»

«ምነው? አበድሽ?»

«ግድግዳው ሸጋ ነው ብለዋል። ለልጄ ሸጋ ከሆነ ለእኔም ሸጋ ነው። ሥሩ እቀመጣለሁ። ሥራችሁን ሥሩ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰ። አንዱ ሊስቅ ሞከረና ተወው። የልጄ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። አባወራዬ ፊታቸው ጠቆረ። በመጨረሻ ዶማቸውን ወርውረው፣ «በቃ ውጡ! ሁላችሁም ውጡ! ይቺ ሴት እስክትበርድ ምሳችንን እንብላ» አሉ። ሰዓቱ የምሳ አልነበረም። አንድ በአንድ ወጡ። ሁሉም መውጣቱን ሳይ ተነሣሁ፤ ልጄ ደግፎ አወጣኝ።

ከአፋፉ ርቀን፣ ከማሳው ድንበር ላይ ተቀመጥን። ያለጊዜው ስለሆነ ምሳው አልደረሰም፤ ቆሎ ነበር፣ እሱን አዞርኩ። አባወራዬ ከእጄ አልተቀበሉም። አያ ሊያስታርቀን፣ «ተቀበላት፤ ይሄኛውን እበት አልቀባችውም» ብሎ ሳይጨርስ ሰማነው።

ነጎድጓድ አይደለም። ላም ደክሟት ስትተኛ የምትተነፍሰው ዓይነት ነበር፤ አንድ ረጅም «እህ» የሚል። ቀና ስንል አፋፉ የለም። የአፈሩ ክምርም፣ ስንጥቋም፣ እበቴም፣ ሁሉም ታች ገብቶ፣ ልጄ የቆመበትን ቦታ ቀብሮ፣ ግማሹን ጉድጓድ ሞልቶታል። አራት ዶማ፣ አፈር የሚጎትቱበት የበሬ ቆዳ፣ የልጄ ጋቢም ከችካሉ ጋር፣ እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው።

አባወራዬ ተነሡና ሰዉን በጣታቸው ቆጠሩ። ጨርሰው እንደገና ቆጠሩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጀምሩ አያ እጃቸውን ይዞ፣ «ሁላችንም አለን፣ ወንድሜ። አለን» አላቸው። ያን ቀን አያ ሲያለቅስ አየሁት።

አባወራዬ ወደ እኔ አልመጡም። ወደ ወንዶቹ ዞረው፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ልጄንም የእናንተንም ልጆች ልቀብር ነበር። ነግራኝ ነበር» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በሠርጌ ቀን በበቅሎ ስወሰድ እንኳ የዚያን ያህል አልኮራሁም። ወንድ ልጅ በደቦ ፊት እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም፤ ያውም የእኔ ባል።

ከዚያ «ታዲያ እንዴት ይሁን?» ብለው ጠየቁ፣ እኔን። ፊደል የነፍስ አባታችን አስቆጥረውኛል፤ ከዳዊት ግን አልደረስኩም፤ ልክ ቁጥርም አላውቅም። ያወቅሁትን ተናገርኩ።

«ያረገዘች ላም ሳትንበረከክ ትውረድ፣ ጠጥታም ሳትንበረከክ ትውጣ። ከዚያ የቆመ ቁልቁለት አትተዉ። አፈሩን ደግሞ ከአፋፉ ሃያ እርምጃ አርቁልኝ።»

አያ ብድግ ብሎ የራሱን ላም ነድቶ መጣ። ልትወልድ የተቃረበች ቡሬ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዶቹ የሚቆፍሩት በእሷ ልክ ሆነ። አንዱን ጎን ሲጨርሱ «መሐንዲሷን አምጧት!» ይላሉ። አያ ይነዳታል። ከተደናቀፈች «አልወደደችውም፤ ቁረጡ!» ይላል፤ ይቆርጣሉ። ደህና ከወረደች «ፈረመች!» ብለው ይጮሃሉ። ሥራው በእጥፍ ረዘመ፤ አፋፉ እየሰፋ ሄዶ የሁለት ሰው ማሳ ነካ፤ ባለማሳዎቹ ግን አላጉረመረሙም። የጎርፉን መግቢያ በአንድ በኩል ብቻ በድንጋይ ሠራን፤ ከሌላው ጎን ውኃው አፋፉን እንዳይሸረሽር ቦይ ቀደድንለት። ሴቶቹ ሰርዶ እየነቀልን ተዳፋቱ ላይ ተከልን። እነዚያ ወንዙ ላይ ሲቀልዱብኝ የነበሩት «እዚህ ጋ ይበቃል ወይ እቴ?» እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም ቆም ብዬ እያየሁ፣ «ጨምሩ» ወይም «ይበቃል» እላለሁ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

ላሟ ሥራው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ወለደች። አያ «የመሐንዲስነት ማዕረጓ ለጥጃዋ ይተላለፍ» አለ።

ክረምቱን በሙሉ አልተኛሁም ማለት ይቻላል። በየጠዋቱ ጭቃውን እየረገጥኩ ሄጄ እበት እቀባ ነበር። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ። ውኃው እየወጣ መጥቶ የሰርዶውን ጫፍ ነካ። በመስከረም ፀሐይ ሲወጣ ኩሬው ሞልቶ ሰማዩን ይዞ ቆሟል፤ አንድ ጋት እንኳ የተንሸራተተ ጎን የለውም። በዚያ በጋ ከእኛ መንደር ወደ ወንዙ እንስራ ያዘለች ሴት አልሄደችም። የአያ ላም ከጥጃዋ ጋር ሳትንበረከክ ወርዳ ጠጣች፤ ሳትንበረከክ ወጣች። እኔ ከላይ ቆሜ ሳያት ማንም አያየኝም ብዬ እልል አልኩ። ልጄ ሰምቶኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ያሾፍብኛል።

ባለፈው ዓመት ከወዲያኛው ቀበሌ ሽማግሌዎች መጡ። እነሱም ኩሬ ጀምረዋል፤ አባወራዬ ሄደው እንዲያዩላቸው ለመኑ። አባወራዬ ቆብ እንደሚያስተካክል ሰው ራሳቸውን ዳበስ አድርገው፣ «እኔን ምን ታደርጉኛላችሁ? አዋቂዋ እሷ ናት» አሉ። ሽማግሌዎቹ የሚቀልዱ መሰላቸው። አባወራዬ ግን በቅሎዋን ራሳቸው ጫኑ፤ እኔን አስቀምጠው ልጓሟን ያዙ። እሳቸው በእግራቸው፣ እኔ በበቅሎ፣ የእበቱን ቅል ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ገበያተኛው ሁሉ እያየ አለፍን።

ስደርስ አየሁት፤ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ አፈሩ አፋፉ ላይ የተቆለለ፣ ከታች ዘጠኝ ወንዶች። ፍርሃቱ አልሄደም፤ እንደሚሄድም አላስብም። በጉልበቴና በእጄ እየዳሁ አፋፉን ዞርኩ፤ ስንጥቁን አገኘሁት፤ ሦስት ቦታ ቀባሁበት። ሰዎቹ ሊስቁ ከንፈራቸው ሲላወስ አየሁ። አባወራዬ ቀና ብለው ሲያዩዋቸው ተዉት።

ተነሥቼ እጄን በሣር ጠረግሁና፣ «ነገ ጠዋት መጥቼ ይሄን እስካየው ድረስ ማንም አይውረድ» አልኳቸው።

ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው አንድ በአንድ ወጡ። ማንም አልወረደም።